ከነዳጅ ጋር የሚወጣው መራራ ውሃ

የመንግሥት የምርምር ገንዘብ በአሜሪካ ምን ሠራ? እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን?



የእስራኤል ልጆች ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ሦስት ቀን በምድረ በዳ ሄደው ውሃ እንዳጡ፣ ማራ ደርሰው ያገኙትም ውሃ መራራ ሆኖ ሊጠጡት እንዳልቻሉ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 እናነባለን። ውሃ ማጣት አንድ መከራ ነው፤ ውሃ አግኝቶ መጠጣት አለመቻል ደግሞ ሌላ መከራ ነው። በቆላው አገር በውሃ ሥራ ላይ የተሰማራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት፣ ብዙ ጸሎት የተጸለየበት ጉድጓድ ውሃ አወጣ ተብሎ እልል ከተባለ በኋላ የመጀመሪያው ጣሳ ሲቀመስ ጨው ሆኖ ይገኛል። ሕዝቡም አዝኖ ወደ ቀድሞው ኩሬ ይመለሳል።

ከዚህ የተነሣ ምእመናን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «በውጭ አገር ጨዋማ ውሃ የሚያጣፍጥ መሣሪያ አለ ይባላል። የእርዳታ ድርጅታችን ይህን መሣሪያ ለምን አያመጣልንም?» ይላሉ። ጥያቄው ቀና ነው፤ ተገቢ መልስም ይገባዋል። መልሱን በሚገባ ለመስጠት ግን መሣሪያው ከየት እንደ መጣ፣ ማን ገንዘብ እንዳወጣበት፣ ለምን ዓላማም እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩን ስንከታተል ሳናስበው ወደ ነዳጅ ማሳ እንደርሳለን። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የተባበሩት አሜሪካ መንግሥት ነዳጅና ጋዝን ይበልጥ ለማውጣት፣ እንዲሁም የተበከለን ውሃ ለማጣራት ለሚደረገው ምርምር እንዴት ገንዘብ እንደሚመድብና ከዚያም ምን እንደ ተገኘ በአጭሩ እናስረዳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጉድጓዱ የሚወጣው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የነዳጅ ጉድጓድ ሲባል ጥቁር ዘይት ብቻ የሚፈልቅበት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነዳጅ ዘይት የሚገኘው ከመሬት በታች ባለ ድንጋይ ውስጥ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተውጦ ነው። በዚያው ድንጋይ ውስጥ እጅግ ረጅም ዘመን የቆየ ጨዋማ ውሃ አለ። ነዳጁ ሲወጣ ውሃው አብሮ ይወጣል። ጉድጓዱ ባረጀ መጠን ነዳጁ እያነሰ፣ ውሃው እየበዛ ይሄዳል። ባረጁ ማሳዎች ለአንድ በርሜል ነዳጅ አሥር በርሜል ውሃ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወጣል። እንግዲህ የነዳጅ ማሳ ሠራተኛ ከነዳጅ ይልቅ ውሃ ሲያወጣ የሚውል ሰው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በአሜሪካ በ2017 ዓ.ም. ከነዳጅና ከጋዝ ጉድጓዶች የወጣው ውሃ ወደ 24 ቢሊዮን በርሜል ተገምቷል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ይህ ከ3.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር አያንስም። የጣና ሐይቅን ውሃ ሰባት ቦታ ብንከፍለው አንዱን እጅ ያህላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የወጣው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው።

ታዲያ ይህ ውሃ ምን ዓይነት ውሃ ነው? የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው አለው። በቴክሳስና በኒው ሜክሲኮ በሚገኘው በፐርሚያን ምድር ከነዳጅ ጋር የሚወጣው ውሃ ብዙውን ጊዜ 100 ግራምና ከዚያ በላይ ጨው ይይዛል። ከጨው ሌላ የዘይት ቅሪት፣ አሞኒያ፣ ልዩ ልዩ ማዕድናት፣ ሬዲየም የሚባለው ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር፣ እንዲሁም ለቁፋሮ ሥራ ወደ ጉድጓዱ የተጨመሩ ኬሚካሎች ይገኙበታል። በእርግጥ ማራ ነው።

የማጣፈጫው ምርምር እንዴት ተጀመረ?

በ1952 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግሬስ ጨዋማ ውሃን ወደ ጣፋጭ ለመለወጥ ለሚደረግ ምርምር ገንዘብ የሚመድብ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ትሩማንም ፈረሙበት። በዚህ ሕግ መሠረት የጨዋማ ውሃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ውሃ አያጣራም ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ድርጅቶች ገንዘብ ይሰጥ ነበር እንጂ።

በዚህ ገንዘብ ከተረዱት መካከል በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቻርልስ ሪድ አንዱ ናቸው። ከጥጥና ከእንጨት ከሚገኝ ነገር የተሠራ አንድ ዓይነት ስስ ሽፋን ውሃን አሳልፎ ጨውን እንደሚያስቀር አገኙ። ነገር ግን በሽፋኑ የሚያልፈው ውሃ ጠብታ ብቻ ስለ ነበር ለሥራ አይበቃም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ሽፋኑን በአዲስ መንገድ ሠርተው የሚያልፈውን ውሃ ብዙ እጥፍ አበዙት። ዛሬ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ዘዴ በተግባር የተጀመረው ከዚህ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ጨዋማው ውሃ በፓምፕ ኃይል ስስ በሆነው ሽፋን ላይ ይገፋል፤ ውሃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል።

መሣሪያው ከተማን ለማጠጣት መጀመሪያ የተሞከረበት ቦታ ኮአሊንጋ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ናት። ኮአሊንጋ የነዳጅ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ነዳጅ ሞልቶ ሳለ የጉድጓዷ ውሃ ጨዋማ ስለ ነበር ነዋሪዎቿ ለብዙ ዓመታት የሚጠጡት ከሌላ ስፍራ በባቡር የሚመጣ ውሃ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የተተከለው መሣሪያ በቀን የሚያጣራው 19 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ትንሽ ጅምር ነበረች። ዛሬ ግን በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቧንቧ የሚቀዱት ውሃ አብዛኛው በዚህ ዘዴ ከባሕር የተጣራ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችንም ከባሕር የተጣራ ውሃ ይጠጣሉ። ሎብም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደው በቤርሳቤህ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከሕጉ መውጣት እስከ መጀመሪያው የከተማ ሙከራ 13 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት «ገንዘባችን የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ የኮንግሬስ አባል ቢኖር የሚታየው ነገር በጣም ጥቂት ነበር። ምርምር እንደ ችግኝ ነው፤ ቶሎ ይብቀል ተብሎ ሥሩ ቢነቀነቅ ይደርቃል።

ነዳጅን አሟጦ የማውጣት ምርምር

በሌላ በኩል መንግሥት ለነዳጅ ማውጣት ምርምርም ገንዘብ ያወጣ ነበር። በ1918 ዓ.ም. በኦክላሆማ በባርትልስቪል የነዳጅ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። ነገሩ ትልቅ ትኩረት ያገኘው ግን በ1973 ዓ.ም. የዓረብ አገሮች ነዳጅ መሸጥ ባቆሙ ጊዜ ነው። በየማደያው ሰልፍ ሆነ፣ ዋጋው ናረ። በ1977 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን የኃይል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የነዳጅና የጋዝ ምርምርም በዚያ ሥር ተጠቃለለ።

ምርምሩ ለምን አስፈለገ? ነዳጅ በራሱ ግፊት ሲወጣ ከድንጋዩ ውስጥ የሚገኘው ከመቶ አሥር እጅ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ወይም ጋዝ ወደ ታች እየተገፋ ሲረዳ ከመቶ ከ20 እስከ 40 ይደርሳል። ሙቅ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ኬሚካል ሲጨመርበት ደግሞ ከመቶ ከ30 እስከ 60 ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ አዲስ ማሳ ሳይፈለግ ከአሮጌው ውስጥ እጥፍ ድርብ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። መንግሥትም በዚህ ተስፋ ከኩባንያዎች ጋር ወጪ እየተካፈለ ብዙ ሙከራ አስደረገ።

ከ1976 እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ በምሥራቅ አሜሪካ ሼል በሚባለው ጠንካራ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ጋዝ የማውጣት ምርምር በመንግሥት ገንዘብ ተካሄደ። በመጀመሪያ ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ሆኖም የተገኘው እውቀት፣ ከግል ኩባንያዎች ድካምና ከግብር ቅነሳ ጋር ተዳምሮ፣ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የአሜሪካን የጋዝና የነዳጅ ምርት እጅግ አሳደገው። ዘዴው ውሃን፣ አሸዋንና ኬሚካልን በከፍተኛ ግፊት ወደ ድንጋዩ አስገብቶ መሰንጠቅ ነው። አንድ ጉድጓድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ከዚያም ውሃው ተበክሎ፣ የምድሩንም ጨዋማ ውሃ ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርምር ስኬት ሁለተኛውን ችግር ወለደ። ነዳጁ በዛ፤ መራራውም ውሃ አብሮ በዛ።

ውሃው የት ይደረግ?

ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ውሃ ተመልሶ ወደ መሬት ይገፋል። ከፊሉ ነዳጁን ገፍቶ እንዲያወጣ ወደዚያው ማሳ ይመለሳል፤ ይህ መልካም አገልግሎት ነው። ከፊሉ ግን እንዲያው ለማስወገድ ብቻ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። ለብዙ ዓመታት «ከዓይን ከራቀ ጉዳት የለውም» ተብሎ ነበር።

በኦክላሆማ ግን ምድሪቱ መለሰች። ከ2009 ዓ.ም. በፊት በዚያ ግዛት መጠኑ 3 እና ከዚያ በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርሰው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከ900 በላይ ሆነ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በፖኒ ከተማ አቅራቢያ መጠኑ 5.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። የተቀበረው ውሃ በጥልቁ ያለውን ስንጥቅ ድንጋይ እየተጫነ እንዲንሸራተት ማድረጉን የሥነ ምድር ሊቃውንት ካስረዱ በኋላ፣ የግዛቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚቀበረው ውሃ እንዲቀነስ አዘዘ፤ መንቀጥቀጡም እየቀነሰ መጣ። ሰው የቀበረውን ረስቶ ሊሄድ ይችላል፤ ምድር ግን አትረሳም።

አጣርቶ መጠቀም አይቻልምን?

ይቻላል፤ ነገር ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። የሚሆንበትን አንድ ቦታ እንይ። በካሊፎርኒያ በኬርን ወንዝ ማሳ ነዳጅ የሚወጣው በእንፋሎት ኃይል ነው፤ ከአንድ በርሜል ነዳጅም ጋር ብዙ በርሜል ውሃ ይወጣል። ይህ ውሃ ግን ከሌሎቹ ማሳዎች በተለየ ጨው አይበዛበትም። ስለሆነም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዘይቱ ከተለየለት በኋላ በዋልነት ቅርፊት ማጣሪያ እያለፈ፣ ከሌላ ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ካዌሎ ለተባለው የመስኖ ማኅበር ይሰጣል፤ ገበሬዎችም የለውዝና የብርቱካን ዛፍ ያጠጡበታል። ማጣሪያው የፍሬ ቅርፊት መሆኑን ልብ በሉ፤ ረቂቅ መሣሪያ አላስፈለገም። ያም ሆኖ በውሃው ውስጥ የሚቀሩት ኬሚካሎች ጉዳት አላቸው ወይስ የላቸውም በሚለው ላይ ክርክርና ምርመራ ተደርጎበታል።

በፐርሚያን ምድር ነገሩ ይከብዳል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ በተለመደው አሠራር የሚያገለግለው በሊትር እስከ 70 ግራም ጨው ላለው ውሃ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚያስፈልገው የፓምፕ ግፊት ሽፋኑ ከሚችለው ያልፋል። ያኔ ውሃውን አፍልቶ እንፋሎቱን ማቀዝቀዝ ግድ ይሆናል፤ ይህም ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ወጪውም ከፍ ያለ ነው። ደግሞም ጨው ተለይቶ ሲያበቃ ጨውና መርዝ የተከማቸበት ዝቃጭ ይቀራል። እርሱስ የት ይጣል? በመጨረሻም ውሃው ጠራ ከተባለ በኋላ፣ በውስጡ ሊኖሩ የሚችሉትን ኬሚካሎች ሁሉ የሚለይ የተስማሙበት የምርመራ ዘዴ ገና አልተሟላም። ዓይን ጥሩ ነው ያለውን ውሃ ላቦራቶሪ ይክደዋል፤ ላቦራቶሪ ያላየውን ደግሞ አካል ይቀምሰዋል።

የአሁኑ ምርምር የሚያተኩረው በእነዚህ እንቅፋቶች ላይ ነው። በ2019 ዓ.ም. የአሜሪካ የኃይል መሥሪያ ቤት በሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ለሚመራ የምርምር ኅብረት ለአምስት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ወሰነ። ዓላማው ጨዋማና የተበከለ ውሃን በአነስተኛ ኃይልና በአነስተኛ ዋጋ ማጣራት ነበር፤ ከነዳጅ ጋር የሚወጣው ውሃም በእቅዱ ውስጥ ይገኛል። በዚያው ዓመት ኒው ሜክሲኮ ይህን ውሃ የሚመለከት ሕግ አውጥታ በግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ኅብረት አቋቋመች። ቴክሳስም በ2021 ዓ.ም. በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ኅብረት መሠረተች።

ገንዘቡ የሚሰጥበት መንገድ

የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ክፍል በደንብ እንዲያነቡት እንለምናለን፤ ከእኛ አሠራር ጋር የሚመሳሰል ነገር አለበትና።

በአሜሪካ ለምርምር ገንዘብ የሚፈቅደው ኮንግሬስ ነው። ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ጥሪ ያወጣል፤ ጥያቄዎቹን ይዘረዝራል። ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ማመልከቻ ያስገባሉ፤ ባለሙያዎች መርምረው ያወዳድራሉ። የተመረጠውም ሁሉንም ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይቀበልም፤ ሥራው በደረሰበት ደረጃ እየታየ ይለቀቅለታል። ደግሞም ተቀባዩ የራሱን ድርሻ ማዋጣት አለበት። በ2005 ዓ.ም. በወጣው የኃይል ሕግ መሠረት በመደበኛው ደንብ ለምርምርና ለልማት ሥራ ተቀባዩ ከመቶ ቢያንስ 20፣ በሰፊው ተሠርቶ ለሚታይ ሙከራ ደግሞ ከመቶ ቢያንስ 50 ያዋጣል። እኛ የመንደሩ ሕዝብ ድንጋይና አሸዋ እንዲያቀርብ፣ ቦይ እንዲቆፍር የምንጠይቀው በምን ምክንያት ነው? ያዋጣ ሰው ይጠነቀቃል ብለን አይደለምን? እነርሱም በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ የመንግሥት ገንዘብ እንደ ወቅት ዝናብ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የጨዋማ ውሃ መሥሪያ ቤት በ1974 ዓ.ም. ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሐደ፤ ያም በ1982 ዓ.ም. ተዘጋ። በ2005ቱ ሕግ ለጥልቅ ባሕርና ለአስቸጋሪ ድንጋይ ጋዝ ምርምር በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር፣ ከመንግሥት መሬትና ባሕር ከሚወጣው ነዳጅና ጋዝ ከሚሰበሰበው ድርሻ ላይ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣ የበጀት ሕግ ይህን ሰረዘው።

ሌላው ቁም ነገር የፍሬው ባለቤትነት ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የተሻሻለው ስስ ሽፋን የጆን ካዶት የፈጠራ ሥራ ነው። እርሳቸውም በሚኒሶታ በመንግሥት ገንዘብ ምርምር ሲያደርጉ ቆይተው በ1977 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ኩባንያ አቋቋሙ። የፈጠራው መብት የማን ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ በ1992 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈጠራው የተጸነሰው በመንግሥት ውል ላይ በነበሩበት ጊዜ ስለሆነ ባለመብቱ መንግሥት ነው ሲል ወሰነ። በሕዝብ ገንዘብ የተዘራ ፍሬ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት እንጂ ፍሬው ከታየ በኋላ ቢነሣ ጠብ ያመጣል።

ገንዘብ የሰጠ ጥያቄውን ይመርጣል

እስከ አሁን ካየነው አንድ እውነት ይወጣል። በአሜሪካ ምሁራን ለኮአሊንጋ ዓይነት ከተማ፣ ለኬርን ገበሬ፣ ለፐርሚያን ኩባንያ የሚሆን መልስ የፈለጉት እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣና የሚከፍል ስለ ነበረ ነው። መብራት በሌለበት፣ መለዋወጫ በማይገኝበት ቆላ፣ ለሃምሳ ቤተሰብ የሚሆን ማጣፈጫ ለመሥራት በዚያው መጠን የከፈለ የለም። ይህን የምንለው እነርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ እያንዳንዱ አገር አስቀድሞ የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል።

የእኛም አብያተ ክርስቲያናት ይህን ነገር አስቀድመው አይተውታል። በ1972 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ የውጭ እርዳታ ለልማት ሥራ በቀላሉ ሲሰጥ ለወንጌል ሥርጭትና ለምእመናን ሕይወት ግን እንደማይሰጥ፣ ሰውም በለጋሾች መመዘኛ ለሁለት መከፈል እንደሌለበት አሳስባለች። የነገሩ ፍሬ ያው ነው፤ ጥያቄውን ለጋሹ ብቻ ሲመርጥ የተቀባዩ እውነተኛ ችግር ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

ነገሩ ከአገራችን ሩቅ አይደለም

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ጎረቤታችንን ይመልከት። በደቡብ ሱዳን በዩኒቲ ክልል በታር ጃት የነዳጅ ማሳ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የጉድጓድ ውሃቸው ጨዋማ ሆኖ መገኘቱን፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የጀርመን ክርስቲያናዊ የእርዳታ ድርጅት ናሙና እያስወሰደ አስመርምሮ ለዓለም አሳውቋል። ይህን ያደረገው ነዳጅ አውጪ ወይም ተመራማሪ አልነበረም፤ እንደ እኛ ያለ የእርዳታ ድርጅት ነበር።

በአገራችንም በሶማሌ ክልል በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ ነው። በ2018 ዓ.ም. የድፍድፍ ነዳጅ ሙከራ ተጀምሯል፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የካሉብ ጋዝ ሥራ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቋል። ለአገር ጥቅም እንዲሆን እንጸልያለን። ጋዝ ባለበት ግን ውሃም አለ። በዚያ የሚኖረው አርብቶ አደር ሕይወቱ በጉድጓድ ላይ የተመሠረተ ነው። ሥራው ከመስፋፋቱ በፊት የአካባቢው ጉድጓዶች ውሃ ዛሬ እንዴት እንዳለ ተመርምሮ ቢመዘገብ፣ ነገ ክርክር ቢነሣ ሁሉም ወገን የሚያየው ማስረጃ ይኖራል። በኦክላሆማ የመንቀጥቀጡ ነገር የተረጋገጠው አስቀድሞ የተመዘገበ ነገር ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መሣሪያውን ለምን አናመጣም? አንዳንድ ቦታ ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው በተናገረው ምሳሌ እንዳስተማረን፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቁጠር ይገባል። ስለዚህ መሣሪያ በስጦታ ሲቀርብልን የፕሮጀክት ሠራተኞች እነዚህን አምስት ነገሮች እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

1. ውሃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ተራ ጨው ነው፣ ፍሎራይድ ነው ወይስ ሌላ? በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ችግሩ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህንም ለመቀነስ የተቃጠለ አጥንት ከሰል የመሰለ ቀላል ማጣሪያ ሊበቃ ይችላል። ሳይመረመር መሣሪያ አይታዘዝ።

2. ኃይሉ ከየት ይመጣል? የባሕር ውሃን ለማጣራት በኪዩቢክ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ጨው ያነሰበት ውሃ ከዚህ ያነሰ ይፈልጋል። ናፍጣ ቢሆን ማን ይገዛል? ፀሐይ ቢሆን ባትሪው ሲያልቅ ማን ይተካል?

3. ሽፋኑ ሲያረጅ ማን ይለውጠዋል? ሽፋን አላቂ ዕቃ ነው። ስጦታው መሣሪያውን ብቻ የሚሰጥ፣ መለዋወጫውን የማይሰጥ ከሆነ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቆርቆሮ ብቻ ይቀርልናል።

4. የቀረው ጨው የት ይፈሳል? መሣሪያው ከሚገባበት ውሃ ከፊሉን ጨው አብዝቶ ይመልሰዋል። ያንን በሜዳ ብናፈሰው የጎረቤቱን ጉድጓድና የግጦሹን መሬት እናበላሻለን። የኦክላሆማን ትምህርት አንርሳ።

5. ሕዝቡ ምን ያዋጣል? ባለቤቱስ ማን ነው? ይህ ገና በጅምሩ በጽሑፍ ይስፈር።

አንዱን እንኳ መመለስ ካልተቻለ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ወይም ከሩቅ የሚመጣ ቧንቧ የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ለለጋሽ መናገር አያሳፍርም። እንዲያውም «ይህ መሣሪያ ለእኛ አይሆንም፤ የሚሆነውን እንድናገኝ ግን ምርምር ይደረግልን» ማለት ትልቅ አገልግሎት ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያላችሁ፣ በተለይም በውጭ አገር የምትኖሩና በዚያ ድምፅ የምትሰጡ ወገኖች፣ የምትኖሩበት መንግሥት ለውሃ ምርምር ገንዘብ ሲመድብ የድሀው መንደር ጥያቄም እንዲጨመር መጠየቅ ትችላላችሁ። ኮአሊንጋ የባቡር ውሃ ስትጠጣ የነበረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ጥያቄዋ ሰሚ ስላገኘ ከእርስዋ የተጀመረው ነገር ዛሬ ሚሊዮኖችን ያጠጣል።

በማራ እግዚአብሔር ለሙሴ ያሳየው ዕፅ በአቅራቢያው የነበረ እንጨት ነበር። ሙሴ ጮኸ፤ ጌታም አሳየው። እኛም እንጸልይ፣ እንጠይቅ፣ እንመርምርም።

ለጸሎት፦ በቆላ አካባቢ ጨዋማ ውሃ ለሚጠጡ ቤተሰቦች፤ በየላቦራቶሪው ስለ ውሃ ለሚደክሙ ተመራማሪዎች፤ የነዳጅና የጋዝ ሥራ በሚካሄድበት አካባቢ ለሚኖረው ሕዝብና ለውሃው ደኅንነት፤ የተሰጠንን ገንዘብ በታማኝነት እንድናስተዳድር ለእኛም ጸልዩ።

የጌታ ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን።